ከ«ዶርካስ» በሕይወት ስለ መውጣቴ

ለግርማዊት ንግሥት የአቤቱታ ሰሚ ችሎት ሰብሳቢ
ዌስትሚንስተር

ጥር 20 ቀን፣ በጌታችን ዓመት 1586

አመልካች፦ ቶቢያስ ዊድገሪ፣ የባርንስታፕል ከተማ ነጋዴ፣ አሁን በኮርንዎል አውራጃ ወህኒ ታሳሪ

ተጠሪዎች፦ ሰር ሬናልድ ፔንሃርዳ፣ የፖርትሬል ጠረፍ ባለ ርስት፤ እና ጃስፐር ኒኮል፣ የእርሳቸው ምስለኔ

ጉዳዩ፦ ከተሰበረችው መርከቤ በሕይወት የወጣሁ መሆኔ እንዲረጋገጥልኝና የቀረበብኝ የግድያ ክስ ከተጠሪው አውራጃ ተነሥቶ በዌስትሚንስተር እንዲታይልኝ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ለክቡርነትዎና ለችሎቱ የሚገባውን አክብሮት ከወህኒው ወለል ላይ ሆኜ አቀርባለሁ። ቀኝ ክንዴ ሁለት ጊዜ ተሰብሮ በደንብ ስላልገጠመ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ይቅር እንዲሉኝ እለምናለሁ። የአውራጃው ተዘዋዋሪ ችሎት ጸደይ ሲገባ ይቀመጣል። የሚፈርዱብኝ ሰዎች ሁሉ የተጠሪው ጭሰኞች ስለሆኑ፣ በተቀመጠ ሰሞን እንደምሰቀል የወህኒው ዘበኛ ሳይቀር ነግሮኛል። ስለዚህ አቤቱታዬን ጊዜ ሳለኝ እንደሚከተለው አመለክታለሁ።

1. ስሜ ለዚህ ችሎት እንግዳ አይደለም። የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊዎች ይህን ወረቀት ሲገልጡ «ይኼ ሰውዬ ደግሞ መጣ» እንደሚባባሉ አውቃለሁ፤ አልቀየማቸውም። ጎረቤቴን የጣራው ውኃ መጋዘኔ ላይ ስለሚወርድ ከስሼ ረትቻለሁ። አንድ ሱፍ መዛኝ ሚዛኑን ሲያጋድል እጅ ከፍንጅ ብይዘው፣ ወደቡ ድንጋይ ላይ አጋድሞ የግራ ጆሮዬን ግማሽ ቆርጦ ጣለው። እሱንም ከስሼ ረትቻለሁ፤ ጆሮዬን ግን የባሕር አሞራ ይዞት ሄደ። ባለቤቴ ዊልሞት፣ ከእሷ ጋር ከተቀመጥኩት ይልቅ ከጠበቆች ጋር የተቀመጥኩት ይበልጣል ትላለች። ይህን እኔው አስቀድሜ የማነሣው ተጠሪዎቹ እንደሚያነሡት ስለማውቅ ነው። ሙግተኛ ነኝ፤ እውነት ነው። ሙግተኛ ሰው ከባሕር በሕይወት ሊወጣ አይችልም የሚል ሕግ ግን እስከ ዛሬ አላነበብኩም።

2. የመርከቤ አዛዥ ዲገሪ ላንግዶን የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነበር። አባታቸው ለእሷና ለእሱ በተዉት ሁለት የወደብ መጋዘን መካከል ያለው ግድግዳ የማን ነው በሚል እኔና እሱ ለብዙ ዓመታት ተካሰናል። በሄድንበት ሁሉ ረታሁት፤ በሄድንበት ሁሉ ይግባኝ አለ። ይህም ሆኖ መርከቤን ከእሱ በቀር ለማንም አደራ አልሰጠሁም፤ እሱም የሌላ ሰው መርከብ ይዞ ወጥቶ አያውቅም። «እዚያ እንካሰሳለን፤ እዚህ ደግሞ እንበላለን» ይለኝ ነበር። ከፈረንሳይ ወደብ ከላ ሮሼል ስንመለስ ጨው የበዛበትን የበሬ ሥጋና ድንጋይ የመሰለውን ብስኩት በአንድ ገበታ እየበላን ስለዚያ ግድግዳ ስንነታረክ መርከበኞቹ ይሥቁብን ነበር።

3. መርከቤ «ዶርካስ» የወይን ጠጅ በርሜልና ጨው ጭና በኅዳር ወር ስትመለስ በኮርንዎል ሰሜን ዳርቻ ወጀብ ያዛት። ምሰሶዋ ተሰብሮ በላያችን ወደቀ፤ ከሥሩ የነበሩትን ሰዎች ጨፈለቃቸው። ጎሕ ሲቀድ ማዕበሉ ፖርትሬል ከሚባለው ጠረፍ ቋጥኝ ጋር አላተማትና ሆዷ ተቀደደ። ውኃው መርከበኞቹን እያነሣ ከድንጋዩ ጋር ሲያጋጫቸው ቆሜ አይቻለሁ። በስማቸው የማውቃቸው፣ ልጆቻቸውን ክርስትና ያነሣሁላቸው ሰዎች ነበሩ። እኔ ዋና አላውቅም። ዲገሪ በኮቴ አንገትጌ አንቆ ይዞ «ዝም ብለህ ተንጠልጠል፤ እዚህ እንኳ አትከራከረኝ» እያለ ወደ ዳር አወጣኝ። ሲያወጣኝ ጉልበቱ ከቋጥኝ ጋር ተጋጭቶ ተሰበረ። በሕይወት የወጣነው እኔ፣ ዲገሪ፣ ሸራ ጠጋኙ ሽማግሌ ፒተር ሆይል፣ እንዲሁም ፒተር በሸሚዙ ውስጥ ሸሽጎ ያወጣት የመርከቧ ድመት ነን። ድመቷን የቆጠርኳት ለቀልድ አይደለም።

4. ክቡርነትዎ ከእኔ በተሻለ የሚያውቁት የአገራችን ጥንታዊ ሕግ እንዲህ ይላል፦ ባሕር ከሰበራት መርከብ ሰው፣ ወይም ውሻ፣ ወይም ድመት በሕይወት ካመለጠ ዕቃው ባለቤት እንደሌለው አይቆጠርም፤ ባለቤቱ እስኪመጣ ዓመት ከአንድ ቀን ይጠበቅለታል። ነፍስ ያለው ነገር ካልወጣ ግን ባሕሩ የተፋው ሁሉ የጠረፉ ባለ ርስት ነው። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ለነጋዴ አዝነው እንዳወጡት አልጠራጠርም። በፖርትሬል ግን ሕጉን የሚያነቡት ከሌላው ጫፍ ነው። እነሱ ዘንድ ከመርከብ የተረፈ ሰው ማለት በእነሱና በበርሜሉ መካከል የቆመ ሰው ማለት ነው።

5. የጠረፉ ሰዎች መጀመሪያ ላይ እንዳልጨከኑብን መመስከር አለብኝ። አንዲት ሴት መጎናጸፊያዋን አውልቃ ፒተር ትከሻ ላይ ጣለች። አንድ ዓሣ አጥማጅ ከኪሱ የገብስ ዳቦ አውጥቶ ቆርሶ ሰጠኝ። በርሜሎቹ ምልክቴን እንደያዙ እየተንሳፈፉ መምጣት ሲጀምሩ ግን ዓይናቸው ከእኛ ላይ ተነሣ። በዚህ መካከል ምስለኔው ጃስፐር ኒኮል በፈረስ ከገደሉ ወረደ። የተባባሉትን ከጆሮዬ ስላልወጣ እንዳለ እጽፈዋለሁ።

«ምን ወጣ?» አለ ከፈረሱ ሳይወርድ።

«ሦስት ሰው ጌታው። አንዲትም ድመት» አለው ዳቦ የሰጠኝ ሰው።

«አልሰማሁህም። ምን ወጣ አልኩህ?»

ሰውዬው ወደ እኛ አየ፤ ወደ በርሜሎቹም አየ። «ሦስት…» ብሎ ጀመረና ዋጠው።

«አንተ ጃጎ» አለ ምስለኔው ወደ ሌላው ዞሮ፤ «አንተ ዓይንህ ደህና ነው። ከዚህች መርከብ ምን ወጣ?»

«ምንም አልወጣ ጌታው» አለ ጃጎ ትሬቨር የተባለው ጎረምሳ።

«እንግዲያው ምንም እንዳልወጣ አድርጉ። ድመቷንም እንዳትረሷት።»

ይህን ብሎ ፈረሱን አዞረና ጀርባውን ሰጠን። ኋላ አላየሁም ብሎ ለመማል እንዲመቸው ይመስለኛል።

6. ቀጥሎ የሆነውን አሳጥሬ ለመጻፍ ሞክሬ አልሆነልኝም። ፒተርን ሴትየዋ በሰጠችው መጎናጸፊያ ጠቅልለው በመርከባችን ስባሪ እንጨት ራሱን ቀጠቀጡት። ሽማግሌው መጀመሪያ የሚጫወቱ መስሎት ፈገግ ብሎ ነበር። ድመቷ ከሸሚዙ ሾልካ ወደ ቋጥኙ ስትሮጥ ግማሹ ሰው እኛን ትቶ እሷን ማሳደድ ጀመረ። ትልልቅ ወንዶች በእርጥቡ ድንጋይ ላይ እየተንሸራተቱ፣ እየተሳሳቁ፣ «አንተ በዚያ ዙር! አምልጣ ገደል እንዳትከተን» ይባባላሉ። በመጨረሻ አንዱ ጅራቷን ይዞ ከድንጋዩ ጋር አላተማትና ከፍ አድርጎ አሳየ። ጀርባውን የሰጠን ምስለኔ ያን ጊዜ ብቻ ዞሮ አየና «ጥሩ» አለ።

ድመቷ ባትሮጥ ኖሮ እኔ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። እነሱ እሷን ሲያባርሩ ዲገሪ ወደ እኔ ተሳበና «ቶቢ፣ አንተ ሩጥ» አለኝ።

«አብረን ነው» አልኩት።

«ጉልበቴን አታየውም እንዴ? ደግሞ እኔ ብተርፍ ምን ላደርግ ነው። ችሎት ገብቼ ረትቼ አላውቅ። ሙግት የምታውቀው አንተ ነህ። ሩጥና ክሰሳቸው።»

አልሮጥኩም። ማለቴ ወዲያው አልሮጥኩም። ጃጎ ትሬቨር ዓሣ የሚበልቱበትን ቢላ ይዞ መጣ፤ ዲገሪን በጸጉሩ ይዞ ራሱን ወደ ኋላ ቀለበሰውና ጉሮሮውን ቆረጠው። ደሙ አሸዋው ላይ ሲፈስ ሞገድ መጥቶ ያጥበዋል፤ እንደገና ይፈስሳል። ጃጎ ቢላውን ሳይጠርግ ወደ እኔ ዞረ። ከእግሬ ሥር የተሰበረ መቅዘፊያ ነበር፤ አንሥቼ ጆሮ ግንዱን መታሁት። ከወደቀ በኋላም ደግሜ መታሁት፤ ሠለስኩትም። ይህን በማንም ፊት ክጄ አላውቅም፤ በክቡርነትዎ ፊትም አልክድም። የመጀመሪያው ምት ራሴን ለማዳን ነበር። የቀሩትን ምን ብዬ እንደምጠራቸው አላውቅም፤ ስማቸውን ችሎቱ ያውጣላቸው።

7. ከኋላዬ የደረሰ አንዱ በዱላ ክንዴን ሰበረው። ይሁን እንጂ ያን ጊዜ ከበርሜሎቹ አንዱ ተፈንክቶ ስለነበር ብዙዎቹ እኔን ከማሳደድ ይልቅ በኮፍያቸው ወይን መቅዳት መረጡ። በገደሉ ስንጥቅ ሽቅብ ወጣሁ። መጎናጸፊያዋን ለፒተር የሰጠችው ሴት ቶማሲን የምትባል ባሏ የሞተባት ዓሣ በጨው አድርጋ የምታቆይ ናት፤ ሰርዲን በጨው ከምታቆይበት ምድር ቤት አስገባችኝ። ክንዴን ልትገጥምልኝ ስትል የቆዳ ጠፍር አፌ ውስጥ ከተተችና «ንከስ። ብትጮህ እኔንም ታስገድለኛለህ» አለችኝ። ከላያችን ሰክረው ሲጨፍሩ፣ ቀጥሎም በእኔው ወይን እርስ በርሳቸው ሲደባደቡና አንዱ «ወጋኝ፣ ወጋኝ» ሲል ይሰማን ነበር። እሷ ጨው እየፈጨች ታለቅሳለች። «የኔ ሰዎች እኮ ናቸው» አለችኝ። «ትናንት እዚህ ቁጭ ብለው አብረውኝ ዓሣ ላይ ጨው ሲነሰንሱ ነበር። ዛሬ ፊታቸውን አላወቅሁትም። አንተ ብቻ አታቃስት።»

8. ወይዘሮ ቶማሲን ወደ አውራጃዬ ወደ ዴቨን ወሰን የሚያወጣውን ጎዳና አሳይታኝ «ቀጥ ብለህ ወደ አገርህ። ማንንም እንዳታናግር» ብላኝ ነበር። ምክሯን ሰምቼ ቢሆን ይህን አቤቱታ በቤቴ ጠረጴዛ ላይ በጻፍኩት ነበር። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩት፣ ሳይውል ሳያድር ያልቀረበ ክስ ይቀዘቅዛል ብዬ ነው። የተሰበረች መርከብ ባለቤት ዕቃው የእኔ ነው ብሎ ማስታወቅ ያለበት ለቅርቡ ዳኛ ነው። ስለዚህ አንድ እግሬ ባዶ፣ ክንዴ በዓሣ መረብ እንደታሰረ፣ የቅርቡ ዳኛ ቤት የት ነው ብዬ መንገደኛ ጠየቅሁ፤ ነገሩኝ፤ ሄጄ አንኳኳሁ። አሽከሩ በጨዋ ደንብ አስገባኝ። ዳኛው የጠረፉ ባለ ርስት ሰር ሬናልድ ፔንሃርዳ ራሳቸው ነበሩ። ቁርስ ላይ ነበሩ፤ የሚጠጡትም ከእኔ በርሜል የተቀዳ ነበር። ሃያ ዓመት ስሟገት የኖርኩ ሰው ዳኛው ማን እንደሆነ ሳልጠይቅ ክስ ላቀርብ ሄድኩ። ዲገሪ ይህን ቢያይ ሆዱን ይዞ ይሥቅብኝ ነበር።

«አንተ ማነህ?» አሉኝ።

«ከዶርካስ በሕይወት የወጣሁ፣ ባለቤቷ ነኝ።»

«ከዶርካስ በሕይወት የወጣ የለም» አሉ እያላመጡ። «ምስለኔዬ ነግሮኛል።»

«ይኸው እፊትዎ ቆሜአለሁ።»

«መቆሙንስ ቆመሃል። ከየት እንደመጣህ ግን የምናውቀው ነገር የለም።»

ከዚህ በኋላ አሽከሮቻቸው ወለሉ ላይ ጣሉኝ። ሁለት የፊት ጥርሶቼ እዚያ ቀርተዋል። ወይዘሮ ቶማሲን የገጠመችውን ክንዴን አንደኛው በጫማው ቆሞበት እንደገና ሰበረው። ተጠሪው ወንበራቸውን ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ አደረጉ እንጂ መብላታቸውን አላቋረጡም።

9. የአስከሬን መርማሪ መጥቶ ነበር። ከተጠሪው ጭሰኞች የተመረጡ ሰዎች ሬሳዎቹን አይተው «ባሕር ገደላቸው» ብለው ማሉ። ባሕር የተፋውን ሬሳ ያለ ደወልና ያለ ጸሎት በገደሉ አናት ላይ መቅበር የዚያ ጠረፍ ልማድ ነው፤ ስሙ የማይታወቅ ሰው ክርስቲያን መሆኑ በምን ይታወቃል ይላሉ። የባርንስታፕል ቤተ ክርስቲያን ደወል ሲሰቀል ገመዱን የሰጠው ዲገሪ ላንግዶን ያለ ደወል ከዚያ ተቀብሯል። እኔ በነጋዴነት ዘመኔ ባሕር ብዙ ነገር ሲያደርግ አይቻለሁ። ቢላ ይዞ ጉሮሮ ሲቆርጥ አላየሁም።

10. የቀረበብኝ ክስ እንዲህ ይላል፦ ቶቢያስ ዊድገሪ የመርከቧን መሰበር በወሬ ሰምቶ በፈረስ ከየብስ መጣ፤ የባለ ርስቱን ዕቃ ሊዘርፍ ሲል ዕቃውን ይጠብቅ የነበረውን ጃጎ ትሬቨርን ገደለ። ፈረሱ የት አለ ብዬ ብጠይቅ «ጠፋ» አሉኝ። በዚያ ጠረፍ ጠፍቶ የተጠሪው ጋጣ ያልገባ ፈረስ ይህ የመጀመሪያው መሆን አለበት። ደግሞም የሚከተለውን ክቡር ችሎቱ እንዲጠይቅልኝ እለምናለሁ፦ ከመርከቧ ነፍስ ያለው ካልወጣ ያ ሁሉ ጎልማሳ አንዲት ድመት ያሳደደው ለምንድን ነው? ነገሩን ያየው የጠረፉ ሰው ሁሉ ነው። በሰላም ቀን ለድመት ብሎ ቋጥኝ የሚወጣ ሰው የለም።

ክቡር ሆይ፣ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው። ከመርከቧ ወጥቻለሁ ከተባለ ዲገሪና ፒተር ተገድለዋል፤ ጃጎም ሰው ሲገድል ነው የተመታው፤ ዕቃውም የእኔና በየድርሻቸው ጥቂት በርሜል የነበራቸው መርከበኞች ነው። አልወጣሁም ከተባለ እነሱን ባሕር በልቷቸዋል፤ እኔ ወንበዴ ነኝ። በወህኒው ያሉት እስረኞች ነገሩን ከጠበቆች ፈጥነው ስለገባቸው «ሬሳው» ብለው ይጠሩኛል። «ሬሳው፣ ዳቦህን ወዲህ በል፤ የሞተ ሰው አይርበውም» ይሉኛል። እምቢ ስል ይመቱኛል፤ ሲመቱኝ ስጮህም «አይ፣ ለካ አልሞተም» ብለው ይሥቃሉ። ከተጠሪው በቀር ይህን ያህል እንኳ ያላመነልኝ የለም።

11. እኔን የደበቀችው ማን እንደሆነች ሲታወቅ ምስለኔው ከሰዎቹ ጋር ወደ ወይዘሮ ቶማሲን ቤት ሄደ። እጇን በር መዝጊያና መቃን መካከል አስገብተው በሩን ረገጡት። ከዚያ ቤቱን ለኩሰው የክረምት ስንቋን የጨው ዓሣ ከነበርሜሉ አቃጠሉባት። አሁን ባርንስታፕል ባለቤቴ ዘንድ ናት። በዌስትሚንስተር ቀርባ እንደምትምል ቃሏን ሰጥታለች። እዚህ አውራጃ ውስጥ ግን እግሯን አታስገባም፤ «አንድ እጅ ነው የቀረኝ» ብላለች። አልፈርድባትም።

12. ከገና በኋላ ምስለኔው ጃስፐር ኒኮል አይብና ቢራ ይዞ ወደ ወህኒው መጣ። በጣም ደግ ሆኖ ነበር።

«አንተ ሰው፣ በሕይወትህ አንድ ቀን እንኳ ታርቀህ ታውቃለህ?» አለኝ። «ተወኝ፣ ስምህን ሰምቻለሁ። እስቲ ዛሬ ታረቅ። ከየብስ መጣሁ በል፤ ከመርከቧ ነፍስ ያለው አልወጣም በል፤ እኛ ደግሞ ጃጎ አዳልጦት ከቋጥኝ ወደቀ ብለን እንዘጋዋለን። ከሳምንት በኋላ እሳትህ ዳር ትቀመጣለህ።»

«ዲገሪስ?» አልኩት።

«ዲገሪ ማነው?»

እያላገጠ አልነበረም። በእውነት ስሙን አያውቀውም ነበር። ቢራውን ጠጣሁ፤ አይቡንም በላሁ፤ አልፈረምኩም።

13. ይህን ወህኒው ድረስ ልትጠይቀኝ ለመጣችው ባለቤቴ ለዊልሞት ስነግራት ታመሰግነኛለች ብዬ ነበር። የሟች እህት ናትና። እሷ ግን ገና ሳልጨርስ «ፈርም» አለችኝ።

«ወንድምሽን ባሕር በላው ብዬ ልፈርም?»

«ወንድሜን ባሕር ይብላው ሰው ይብላው፣ ከእንግዲህ አይመለስልኝም። አንተ ግን ይኸው እስካሁን ትተነፍሳለህ። ለጠብታ ውኃ አልታረቅም አልክ፤ ዝም አልኩ። ለግድግዳ ከወንድሜ ጋር አልታረቅም አልክ፤ በሁለታችሁ መካከል ስመላለስ ወጣትነቴ አለቀ፤ ዝም አልኩ። ለእኔ ብለህ አንድ ጊዜ ታረቅ ቶቢ። አንድ ጊዜ።»

አለቀስኩ። እሷም አላባበለችኝም፤ ደህና ሁን ሳትለኝ ወጣች። በሕይወቴ የሰማሁት ከባዱ ክርክር ያ ነው፤ እስከ አሁንም አልረታሁትም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ተመልሳ መጣች። ለካ ወደ ፖርትሬል የወንድሟን መቃብር ልትፈልግ ሄዳ ኖሯል። መቃብሩን የሚያሳያት አላገኘችም። መንገድ ላይ ግን ራሷ ለዲገሪ የሠራችለትን ሹራብ የለበሰ ሰው አየች። የእጇን ሥራ ታውቀዋለችና ተጠግታ ስታይ አንገትጌው ዙሪያውን ታጥቦ ያልለቀቀ ደም ነበረበት። «ይህን ከየት አገኘኸው?» ብትለው «ባሕር ሰጠኝ» አላት። ወረቀትና ቀለም ከቅርጫቷ አውጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችና «ጻፍ። እኔ ራሴ አደርሰዋለሁ» አለችኝ። ይህን አቤቱታ በእጅዎ የምታስገባው እሷ ናት፤ ደጅ ላይ ብዙ እንዳያስቆሟት እለምናለሁ። መንገዱን በእግሯ ነው የመጣችው።

14. ስለዚህ ከላይ በዘረዘርኩት መሠረት ክቡር ችሎቱ የሚከተለውን ትእዛዝ እንዲሰጥልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ሀ) በእኔ ላይ የቀረበው ክስ ከተጠሪው ጭሰኞች እጅ ወጥቶ ወደ ዌስትሚንስተር እንዲዛወር፤ እስከዚያም እንዳልሰቀል ለተዘዋዋሪው ችሎት በጊዜ እንዲጻፍልኝ።

ለ) ተጠሪው የማያዝዟቸው ሰዎች ተልከው በፖርትሬል ገደል አናት የተቀበረው የዲገሪ ላንግዶን አስከሬን ወጥቶ ጉሮሮው፣ የፒተር ሆይልም ወጥቶ ራሱ እንዲታይ፤ ከታዩም በኋላ ሁለቱ በደወልና በጸሎት እንዲቀበሩ።

ሐ) ወይዘሮ ቶማሲን ቃሏን ሰጥታ እስክትመለስ በግርማዊት ንግሥት ጥበቃ ሥር እንድትሆን።

መ) በእኔና በሟች ዲገሪ መካከል በዚሁ ችሎት ያለው የግድግዳ ክስ በእኔ ጠያቂነት እንዲዘጋ፤ ግድግዳውም የሟች ልጆች እንዲሆን።

ሠ) የመጨረሻው ይህ ነው። ክቡር ችሎቱ ሁሉን መርምሮ ጃጎ ትሬቨር ከወደቀ በኋላ ስለመታሁት ሞት ይገባኛል ብሎ ቢፈርድ ፍርዱን እቀበላለሁ፤ ይግባኝም አልልም። ጠበቆቼ ይህን ቢሰሙ እኔ ጻፍኩት ብለው አያምኑም። የምለምነው ስሜ በፍርዱ ላይ ሲጻፍ «ከዶርካስ በሕይወት የወጣው ቶቢያስ ዊድገሪ» ተብሎ እንዲጻፍልኝ ብቻ ነው። ያ ከተጻፈ የቀረውን ሕጉ ይጨርሰዋል። በርሜሎቹ ለመርከበኞቹ መበለቶች ይመለሳሉ፤ ሰር ሬናልድም ከእኔ ጋር የወጡት ሁለቱ የት ደረሱ ተብለው ይጠየቃሉ። ዲገሪ «ክሰሳቸው» ያለኝን እንዲህም አድርጌ ቢሆን እፈጽምለታለሁ። ምስለኔው እንደሚለው ከየብስ መጣሁ ብዬ ቤቴ ከምገባ፣ ከባሕር ወጣ ተብሎ ተጽፎልኝ ብሰቀል ይሻለኛል። ዊልሞትም ይህን አንብባለች፤ ይፋቅ አላለችም።

ለክቡርነትዎ ጤናና ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከወህኒው ሰላምታዬ ጋር

ቶቢያስ ዊድገሪ
የባርንስታፕል ነጋዴ
ከ«ዶርካስ» በሕይወት የወጣ